አዝማሪውና ቁም ጸሐፊው፤ የኮምፒውተር ድምፅ በጊታር አምፕሊፋየር ሲሰማ



በአንድ ሰፈር አዳራሽ ውስጥ የአንድ አረጋዊ መምህር የሙት ዓመት መታሰቢያ ይደረጋል እንበል። ሟቹ በሕይወት ሳሉ ለልጆቻቸውና ለተማሪዎቻቸው ያደረጉት የ20 ደቂቃ ንግግር ተቀርጾ በኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ቤተሰቡ ይህን ድምፅ በመታሰቢያው ቀን ለተሰበሰበው ሰው ለማሰማት ይፈልጋል። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ግን ከተበላሸ ሰንብቷል፤ በመድረኩ ጥግ የሚታየው ባለ አንድ ስፒከር የጊታር አምፕሊፋየር ብቻ ነው። የተጠራው ባለሙያ ላፕቶፑንና ሣጥኑን በየተራ ይመለከታል። የሟቹ ልጆች ደግሞ አጠገቡ ቆመው «ይቻላል ወይስ አይቻልም?» ብለው መልሱን ይጠብቃሉ።

ይህ ጥያቄ ለድምፅና ለኤሌክትሪክ ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ኮምፒውተር በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ከገባ ወዲህ ሙዚቃም ሆነ ንግግር በአብዛኛው የሚቀመጠው በእርሱ ውስጥ ሆኗል፤ ያንን ድምፅ ለብዙ ሰው የሚያደርስ መሣሪያ ግን ሁልጊዜ አብሮ አይገኝም። በትምህርት ቤት፣ በወጣቶች ማእከልና በባንድ መለማመጃ ክፍል ቀድሞ እጅ የሚገባው ብዙ ጊዜ የጊታር አምፕሊፋየር ነው። ስለዚህም «ይቻላል» የሚለው መልስ ፈጥኖ ይሰጣል። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። ገመዱ ሲሰካ ድምፅ መውጣቱ አይቀርም። ዳሩ ግን የሚወጣው ድምፅ የማን ነው? የሟቹ ነው ወይስ የሣጥኑ? የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ጥያቄ ከመሣሪያው አሠራር ተነሥቶ መመርመር፣ ሥራው ግድ በሚሆንበት ጊዜም እንዴት ያለ ጉዳት እንደሚፈጸም ማመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያው የተሠራበት ምክንያት

የኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ የቀረበው በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ነው። ጆርጅ ቦሻምፕ ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር ሆኖ የሠራው ጊታር በ1937 የፈጠራ መብት ማረጋገጫ አግኝቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የብረት ክር በማግኔት መስክ ውስጥ ሲርገበገብ በአጠገቡ በተጠመጠመው ሽቦ ውስጥ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህን ደካማ ኤሌክትሪክ አጉልቶ ስፒከር የሚያናውጥ መሣሪያ ያስፈልግ ነበርና የጊታር አምፕሊፋየር ተፈጠረ። የመጀመሪያው ዓላማ ጊታሩ በነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎችና በከበሮ መካከል እንዳይዋጥ ማድረግ ብቻ ነበር።

ቆይቶ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። በካሊፎርኒያ የሊዮ ፌንደር ፋብሪካ «ባስማን» የተባለውን አምፕሊፋየር የሠራው ለባስ ጊታር ነበር፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣውን ባለ አራት ስፒከር «ባስማን» ግን ጊታር ተጫዋቾች ለራሳቸው ወሰዱት። ቮልዩሙ ከፍ ሲል ቫልቮቹ ሞገዱን በሙሉ ማሳለፍ ያቅታቸዋል፤ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጥና ድምፁ ይሻክራል፣ ይወፍራልም። በኤሌክትሪክ ትምህርት ይህ ጉድለት ነው፤ ተጫዋቾቹ ግን ወደዱት። ጂም ማርሻልና ባልደረቦቹ በ1962 በለንደን የራሳቸውን አምፕሊፋየር ሲሠሩ መነሻ ያደረጉት ይህንኑ የ«ባስማን» አሠራር ነው። ከዚያ በኋላ የጊታር አምፕሊፋየር ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ የደከሙት ጉድለቱን ለማስወገድ ሳይሆን አሳምረው ለማቆየት ነው።

ስፒከሩም ቢሆን በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። የጊታር ዝቅተኛው ክር 82 ኸርዝ ገደማ ይሰጣል፤ በከፍተኛው ክር ላይ የሚገኘው የመጨረሻ መሠረታዊ ድምፅ ደግሞ ከ1,200 እስከ 1,300 ኸርዝ አካባቢ ነው። በዚህ ላይ የጊታሩን ጠባይ የሚያሳዩ ቀጫጭን ድምፆች ይጨመራሉ። በጊታር ሣጥን ውስጥ በብዛት የሚታወቀው ባለ 12 ኢንች ስፒከር ከዚህ ጋር የተመጣጠነ ነው፤ ሴለስቲየን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለታወቁ የጊታር ስፒከሮቹ የሚያስታውቀው ወሰን ከ70 ወይም ከ75 ኸርዝ እስከ 5,000 ኸርዝ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር በሣጥኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ባይኖርም ጊታሩ አይጎዳም፤ እንዲያውም የተቆረጠው ሞገድ የሚያመጣው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት በዚህ ምክንያት ይለዝባል።

የኮምፒውተር ድምፅ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ለሲዲ የተወሰነውና በኮምፒውተርም የሚሠራበት የ44,100 ናሙና መለኪያ እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ ይይዛል፤ ይህም ጤነኛ የወጣት ጆሮ ሊሰማ የሚችለው ሁሉ ነው። ከዚህም በላይ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሥራ ያለቀለት ሥራ ነው። የድምፅ ቀራጩ መጠኑን ወስኗል፤ ወፍራሙንና ቀጭኑን አመዛዝኗል፤ ድምፃዊውን ከአጃቢው ለይቶ አስቀምጧል። የቀረው ያንኑ ሳይለውጥ የሚያደርስ ብቻ ነው።

ልዩነቱን ከባህላችን በተወሰደ ምሳሌ መግለጽ ይቻላል። አዝማሪ ከታዳሚው የተቀበለውን ግጥም በራሱ ዜማ፣ በራሱ ጉሮሮና በራሱ ማሲንቆ ያወጣዋል፤ ይጨምርበታል፣ ያጣፍጠዋል። የሚመሰገነውም በዚህ ነው። ቁም ጸሐፊ ግን ከፊቱ የተዘረጋውን መጽሐፍ ሲገለብጥ ፊደል ቢጨምር ወይም ቢያጎድል ሥራው ተበላሸ ይባላል። የጊታር አምፕሊፋየር አዝማሪ ነው። የሙዚቃ ማዳመጫ መሣሪያ ደግሞ ቁም ጸሐፊ ነው። ሁለቱም በየሙያቸው የተከበሩ ናቸው፤ ጥፋቱ የሚመጣው አንዱ በሌላው ቦታ ሲቀመጥና ይህም መሆኑ ሲዘነጋ ነው።

አገናኙ ገመድና መጠኑ

ከኮምፒውተር የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚወጣው ኤሌክትሪክ የአምፕሊፋየሩን መግቢያ አያቃጥልም፤ አምፕሊፋየሩም በመግቢያው በኩል ኮምፒውተሩን አይጎዳም። የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊዮን ኦም ያህል ስለሆነ ከኮምፒውተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከቁጥር አይገባም። ፈጽሞ የተከለከለው የአምፕሊፋየሩን የስፒከር ማውጫ ከኮምፒውተር መግቢያ ጋር ማገናኘት ነው። ባለ 50 ዋት አምፕሊፋየር በ8 ኦም ስፒከር ላይ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 20 ቮልት ያወጣል፤ የኮምፒውተሩ መግቢያ ይህን አይችልም።

የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጸመው በጃኩ ላይ ነው። የኮምፒውተሩ ማውጫ ግራና ቀኝ ሁለት መስመር አለው፤ የጊታር ገመድ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው። የጊታር ገመድ በአንድ መስመር ማቀነሻ ተቀጥሎ በኮምፒውተሩ ቀዳዳ ሲሰካ፣ የቀኙ መስመር ከመሬቱ ጋር ይገናኛል፤ ይህም ሾርት ማለት ነው። በውጤቱም በቀኝ በኩል ብቻ የተቀረጸው ሁሉ ይጠፋል፣ የኮምፒውተሩ ማውጫም ያለ አግባብ ይጨነቃል። አንዳንዱ ይህን ለማረም ግራና ቀኙን በቀጥታ አንድ ላይ ይቋጥራቸዋል፤ ይህም ቢሆን ሁለቱን ማውጫዎች እርስ በርስ ያጋፋል። ትክክለኛው መንገድ በእያንዳንዱ መስመር ላይ 1,000 ኦም ያህል ሬዚስተር አስገብቶ ከዚያ በኋላ ማገናኘት ነው። የሁለት ሬዚስተር ዋጋ እጅግ ትንሽ ነው፤ ከመታሰቢያው ቀን በፊት ተበይዶ መዘጋጀት ይችላል። ይህ ካልተቻለ በኮምፒውተሩ ቅንብር ውስጥ ድምፁን ወደ አንድ መስመር ማዋሃድ ሌላው መፍትሔ ነው፤ ያን ጊዜ የቀኙ መስመር ቢቀር የሚጠፋ ነገር አይኖርም።

ሁለተኛው ጉዳይ መጠን ነው። ከጊታር የሚመጣው ኤሌክትሪክ በቀስታ ሲመታ ከ1 ቮልት እጅግ ያነሰ ነው፤ በኃይል ሲመታ ለቅጽበት 1 ቮልት ይደርስና ወዲያው ይወርዳል። የኮምፒውተሩ ግን ወደ 1 ቮልት ተጠግቶ ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። ስለዚህም የአምፕሊፋየሩ የመጀመሪያ ክፍል ተጨናንቆ ድምፁን ይቆርጠዋል፤ ሰው ግን «ስፒከሩ ተቀዷል» ይላል። ባለሙያው አስቀድሞ የአምፕሊፋየሩን ቮልዩም ይዘጋል፤ «ንጹሕ» የሚባለውን መስመር ይመርጣል፤ ሪቨርብና ሌሎችንም ጌጦች ሁሉ ያጠፋል፤ ከዚያም የኮምፒውተሩን ድምፅ ከዝቅተኛው ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይከፍታል። አምፕሊፋየሩ «ኦክስ» የተባለ መግቢያ ካለው በእርሱ መጠቀም ይገባል። ከኋላው ለኢፌክት የተዘጋጀ «ሪተርን» የሚል ቀዳዳ ካለውም ድምፁን በዚያ ማስገባት የመጀመሪያውን ክፍልና የጊታር ድምፅ ማስተካከያዎቹን ያሳልፋል። ይህ ሁሉ ግን የስፒከሩን ጠባይ አይለውጠውም።

ከድምፅ በፊት ሕይወት

ኮምፒውተሩ ከቻርጀሩ ጋር እንደተሰካ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ሲገናኝ ብዙ ጊዜ እምምም የሚል ጉምጉምታ ይሰማል። ምክንያቱ ሁለቱ መሣሪያዎች በመሬት መስመራቸው በሁለት መንገድ መገናኘታቸው፣ ወይም ከቻርጀሩ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ መኖሩ ነው። በዚህ ጊዜ የአምፕሊፋየሩን ግራውንድ ቆርጦ መጣል ጉምጉምታውን ያጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን የሰውንም ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላጦ አካሉን ቢነካ፣ የመሬት መስመር ከሌለ ኤሌክትሪኩ በጊታሩ ክር ወይም በገመዱ በኩል የሚወርደው በሰው ላይ ነው። የዛሬው ተጠቃሚ ኮምፒውተር ቢሆንም ነገ በዚያው ሣጥን ላይ ጊታሩን የሚሰካ ወጣት አለ። ትክክለኛው መፍትሔ ቻርጀሩን ነቅሎ ኮምፒውተሩን በባትሪ ማሠራት፣ ሁለቱንም ከአንድ ሶኬት ማብራት፣ ወይም በመካከል የድምፅ መለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው።

ከውጭ አገር የመጣ አምፕሊፋየር ሲያጋጥም ደግሞ የጀርባው ጽሑፍ መነበብ አለበት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ሲሆን በኢትዮጵያ መስመር የሚገኘው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ቢገባለትም 50 ኸርዙን ወደ 60 አይለውጠውም፤ ስለዚህም ለ60 ኸርዝ ብቻ የታሰበ ትራንስፎርመር ከልክ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ባለ ቫልቭ ከሆነ ጥንቃቄው ይበልጣል። ስፒከሩ ሳይገናኝ ቢሠራ የማውጫው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። በውስጡም ከ300 እስከ 500 ቮልት የሚደርስ ኃይል አለ፤ ካፓሲተሮቹ መሣሪያው ከተነቀለም በኋላ ይህን ኃይል ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ሣጥኑን ልምድ የሌለው ሰው ሊከፍተው አይገባም።

አዳራሹ የሚሰማው

ወደ መምህሩ ድምፅ እንመለስ። ስልክ ለረጅም ዘመን ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ እያስተላለፈ ሰውን ሲያነጋግር ኖሯል። የጊታር ስፒከር ከዚህ የሰፋ ወሰን ስላለው ንግግሩ ይሰማል። ቢሆንም የሚጎድል አለ። የ«ሰ» ድምፅ ፉጨት አብዛኛው ኃይሉ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው፤ የ«ሸ» ግን ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ «ሸ» ሳይጎዳ ያልፋል፤ «ሰ» ግን ይደበዝዝና «ፈ» ሊመስል ይችላል። «ሠራ» የተባለው «ፈራ» ተብሎ ቢሰማ የዓረፍተ ነገሩ መንፈስ አድማጩን ያግዘዋል፤ የሰው ስም ሲጠራ ግን የሚያግዝ ነገር የለም። በመታሰቢያ ንግግር ውስጥ ደግሞ ስም በብዛት ይጠራል።

ሌላው ጉድለት የድምፁ አቅጣጫ ነው። 5,000 ኸርዝ የሆነ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የስፒከሩ ስፋት ግን 30 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህም የተነሣ ቀጭኑ ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሲያገኘው በጎን ያለው ያጣዋል። ሣጥኑ መሬት ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ድምፁን የሚሰሙት የፊተኛው መደዳ ጉልበቶች ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ በአድማጭ ጆሮ ልክ ሲሆን ብዙ ነገር ይሻሻላል፤ ለዚህም ምንም ወጪ አያስፈልግም።

የድምፅ ማስተካከያዎቹም እንደ ማዳመጫ መሣሪያ አይደሉም። በፌንደር ዓይነት አሠራር ባስና ትሬብሉ መካከል ላይ ሲቀመጡ የመካከለኛው ድምፅ ጎድጉዶ ይቀራል፤ የሰው ንግግር ጉልበት ያለው ግን በዚያው ነው። ሚድሉን መጨመር፣ ባሱንና ትሬብሉን መቀነስ ወደ እኩልነት ያቀርበዋል። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን በኮምፒውተሩ ላይ መቀነስም ይገባል፤ ለንግግር ብዙ አይጠቅምም። ለሙዚቃ ሲሆን ደግሞ የከበሮና የባስ ወፍራም ድምፅ ጀርባው ክፍት በሆነ ሣጥን ውስጥ ስፒከሩን ከልክ በላይ ያንገላታዋል፤ ዝቅተኛው የባስ ጊታር ክር 41 ኸርዝ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ግን ማንም ማስተካከያ አይመልሰውም። ስፒከሩ የማያወጣውን በኃይል መግፋት አምፕሊፋየሩን ከማስጮህ በቀር ትርፍ የለውም።

ስሕተቱ ወደ ሰነድ ሲገባ

እስካሁን የተነገረው ለአንድ ቀን የሚሆን ጉዳት ነው፤ ዝግጅቱ ሲያልቅ ጉዳቱም ያልቃል። ከዚህ የከፋው በአምፕሊፋየሩ የተሰማውን ተማምኖ ቅጂውን ማረም ነው። በካሴትና በሸክላ የነበሩ ብዙ ድምፆች ወደ ኮምፒውተር እየተገለበጡ ናቸው። ይህን ሥራ የያዘ ሰው ቅጂውን በጊታር አምፕሊፋየር ቢያዳምጠው ደብዛዛ ሆኖ ያገኘዋል። ደብዛዛነቱ ከሸክላው የመጣ መስሎት ቀጭኑን ድምፅ በኮምፒውተሩ ላይ ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ያው ቅጂ በኋላ በጥሩ ማዳመጫ ሲሰማ ጆሮ የሚበሳ፣ የሸክላው ጭረት ሁሉ የሚንጫጫበት ይሆናል። ካሴቱ በዚህ መካከል ከጠፋ ወይም ከሻገተ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚቀረው ይህ የተበላሸው ብቻ ነው። አዝማሪው የዘፈነው በመጽሐፉ ላይ ተጻፈ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ማመዛዘንና ማረም በጊታር አምፕሊፋየር ፈጽሞ አይደረግም፤ የመጀመሪያው ቅጂም ሳይነካ ለብቻው ይቀመጣል።

ከዚህ የተነሣ ኮምፒውተርና የጊታር አምፕሊፋየር በጭራሽ አይገናኙ ማለት አይደለም። በስቱዲዮ ውስጥ ያለ አምፕሊፋየር የተቀረጸ ደረቅ የጊታር ድምፅ መጠኑ ተስተካክሎ ከኮምፒውተር ወደ አምፕሊፋየር ይላክና ከስፒከሩ ፊት በማይክሮፎን እንደገና ይቀረጻል። ፒክአፕ የተገጠመለት ክራር የሚጫወት ሰውም ይህንኑ ማድረግ ይችላል። በዚህ ሥራ የሣጥኑ ቀለም የተፈለገ ነው፤ አዝማሪው የተጠራው እንዲዘፍን ነው። ሁለቱንም አገልግሎት ለመስጠት ታስበው የተሠሩም አሉ፤ በ2011 የወጣው የያማሃ «ቲ ኤች አር» ትንሽ አምፕሊፋየር ከኮምፒውተር የሚመጣ ሙዚቃን በሁለት ስፒከር እንዲያሰማ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ባለሙያው የሣጥኑን ስም ብቻ ሳይሆን የተሠራበትን ዓላማ አንብቦ ይለያል።

በአዳራሹ የቆመው ባለሙያም ለልጆቹ የሚሰጠው መልስ ከዚህ የተነሣ ይሆናል። «ይቻላል፤ ድምፃቸው ግን በሙሉ አይሰማም» ይላቸዋል። ጊዜ ካለ ተስማሚ ድምፅ ማጉያ ተበድሮ እንዲመጣ ያሳስባል። ካልተገኘ ሁለቱን ሬዚስተር ይበይዳል፤ ላፕቶፑን በባትሪ ያደርጋል፤ ግራውንዱን ሳይነካ ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ ያወጣል። ሕዝቡ ከመግባቱ በፊትም ከሟቹ ልጆች አንዷን ይዞ በመጨረሻው ወንበር ይቀመጣል፤ ስሞቹ የተጠሩበትን ክፍል አብረው ያዳምጣሉ። «አባቴ እንዲህ ነበር የሚናገሩት» እስክትል ድረስ ያስተካክላል። ሁሉ ሲያበቃም ያልተነካውን ቅጂ ለቤተሰቡ በእጃቸው ይሰጣል፤ የአባታቸው ድምፅ በሙሉ ያለው በዚያ ውስጥ ነውና በቤታቸው በጥሩ ማዳመጫ እንዲሰሙት ይነግራቸዋል።